ቀለምን የሚያሳምረው ጎረቤቱ ነው

አንድ መሶብ ሰፍቶ መጨረስ ቀላል ሥራ አይደለም። ስንደዶውና አክርማው ይለቀማል። ይደርቃል። አለላው ቀለም ይነከራል። ከዚያ በኋላ ውሃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር የዋለች እናት፣ በትርፍ ጊዜዋ በወስፌ እየወጋች ትሰፋዋለች። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል።

ሁለት መሶቦች ባሕር ዳር ገበያ ጎን ለጎን ተቀመጡ እንበል። ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው። ስፌታቸውም ጥብቅ ነው። ገዢው ግን አንዱን አነሣ፤ ሌላውን አልፎ ሄደ። ለምን ይመስላችኋል? የአንዱ ቀለም ከሩቅ ይጣራል። የሌላው ግን ተደበላልቋል። አሁን ይፈታ ቢባል የወራት ድካም መና ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ቀለም የሚመረጠው ወስፌ ከመነሣቱ በፊት ነው።

በፈረንሳይ አገር፣ በፓሪስ ከተማ፣ ጎብለን የሚባል ሥዕል ያለው ምንጣፍ የሚሸመንበት የታወቀ ቦታ አለ። ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀለም ክፍሉን የመራው ሼቭረል የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። «ጥቁሩ ቀለም ደካማ ነው» የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ሼቭረል ክሩን መረመረ። ክሩ ደኅና ነበር። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የገባው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነበር። ይህንንም በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ።

የእኛም አለላ እንደዚሁ ነው። ጥቁርና ወይን ጠጅ ተጠጋግተው ከተሰፉ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። በመካከላቸው ቀለም ያልነካው አክርማ ሲገባ ግን ሁለቱም ይለያሉ። ዘጌ ላይ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ቀዩ ከቢጫው፣ አረንጓዴው ከሰማያዊው ሳይደበላለቅ ይታያል። ሠዓሊዎቹ ዙሪያውን በጥቁር መስመር ከልለውታላ!

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ።

1. ከየቀለሙ ጥቂት አለላ ወስዳችሁ ጎን ለጎን እሠሩ። አሥር እርምጃ ራቁና ተመልከቱ።

2. ሲመሽ ደግሞ ቤት አስገብታችሁ እዩት። ብርሃን ሲያንስ ቀይ ቀለም ለዓይን ይጠቁራል። ቀን ያማረው ቀይና ጥቁር ማታ ላይለይ ይችላል። መሶብ የሚቀርበው ደግሞ ማታም ነው።

3. ለመሶቡ የሚበቃውን አለላ ባንድ ጊዜ ንከሩ። ሁለተኛው ንክር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። የተነከረውንም ጥላ ሥር አድርቁት፤ ፀሐይ ቀለም ታፈዛለች።

4. ደብተር አውጡ። «ቀይ 4፣ ያልተነከረ 2፣ አረንጓዴ 4» ብላችሁ ለየዙሩ ጻፉ።

ድሮ ይህ ሁሉ በቃል ይያዝ ነበር። ባለሙያዋ ስታልፍ ሙያዋም አብሯት ያልፍ ነበር። አሁን ግን እጃችሁ ወስፌም እርሳስም ይይዛል። የጻፋችሁትን ነገ ልጃችሁ አንብባ ትሰፋዋለች።