አንቺሆዬ በትንሽ አምፕ

መተከል፣ ድባጤ ተቀምጦ ጊታር ለሚያስተምር ሰው የአምፕ (የድምፅ ማጉያ) ነገር የሚጀምረው ከመብራት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ልምምድ የሚቋረጥ ከሆነ የልጅ እጅ አይፈታም። ቀጥሎ ጎረቤት አለ። የሰፈራችን ቤቶች በጭቃ የተመረጉ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው፤ አንዱ ቤት ያለቀሰ ሕፃን ሌላው ቤት ይሰማል። ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጦ ጊታር አይጮህም። በዐቢይ ጾም ዘፈን ከቤቴ ሲወጣ ቅር የሚላቸው እናቶችም አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። ስለዚህ ለቤት ልምምድ የሚሆን አምፕ ስፈልግ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ሄድፎን የሚቀበል፣ ዝቅ ሲደረግም ቃናው የማይሞት እንዲሆን ነበር የፈለግሁት።

እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የያዘችልኝ የሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ ሦስቱንም ያሟላል። ጉልበቱ 3 ዋት፣ ስፒከሩ 5 ኢንች ነው፤ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ መሄድ ይቻላል። የግድግዳ ሰዓት በምትሠራበት ዓይነት ድንጋይ ስድስት ይጎርሳል። ፋብሪካው በአልካላይን እስከ 25 ሰዓት ገደማ ይሠራል ይላል፤ ከሱቅ የምናገኘው ርካሹ ድንጋይ ግን እዚያ አይደርስም፤ ከማለቁ በፊትም ድምፁ መድከምና መሻከር ይጀምራል። ቀን መብራት ሲኖር በአዳፕተር፣ ማታ በድንጋይ እያልኩ ነው የምጠቀምበት።

3 ዋት ሲባል «ይሄማ መጫወቻ ነው» የሚሉ ሙዚቀኞች አጋጥመውኛል። ጆሮ ግን ዋት አይቆጥርም። ጉልበት አሥር እጥፍ ሲያድግ ለጆሮ የሚሰማው ጭማሪ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የታወቀው የፌንደር ትዊን ሪቨርብ 85 ዋት ነው፤ በወረቀት ሃያ ስምንት እጥፍ ሲሆን፣ የስፒከሩን ልዩነት ትተን ለጆሮ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ለሠርግ ድንኳን 3 ዋት አይበቃም። አንድ ተማሪና አንድ መምህር ለተቀመጡበት ክፍል ግን ይተርፋል።

የዚህ ዓይነቱ አምፕ ሥራው የሌሎችን አምፖች ድምፅ መቅዳት ነው። ከጊታሩ ፒካፕ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ቁጥሩን በስሌት ያበጀዋል፤ መልሶም ድምፅ ያደርገዋል። ስሌቱ የሚከተለው የድሮውን ባለ አምፖል አምፕ ጠባይ ነው። አምፖል ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁን በአንዴ አይሰብረውም፤ ቀስ በቀስ ያሻክረዋል። የሮክና የብሉዝ ተጫዋቾች የወደዱት ያንን ነው። ነገር ግን እዚያ ለመድረስ አምፑ መጮህ አለበት፤ 85 ዋት እስኪጨነቅ ድረስ ቤት ውስጥ የሚጫወት ሰው ደግሞ ሰፈር አይኖረውም። ሮላንድ በ1995 እ.ኤ.አ. ቪጂ-8ን፣ ላይን 6 የተባለው ኩባንያም በ1996 አክሲስ 212ን፣ ከዚያም በ1998 ፖድን ሲያወጡ ያ ጠባይ በዝቅተኛ ድምፅም የሚገኝ ሆነ። እኔ ማታ በሄድፎን የምሰማው የዚያ ሥራ ፍሬ ነው።

ማይክሮ ኪዩቡ ላይ ያሉት የአምፕ ዓይነቶች ስምንት ናቸው። ብላክ ፓነል ያለው የፌንደር ትዊንን፣ ብሪት ኮምቦ የእንግሊዙን ቮክስ ኤሲ30፣ ክላሲክ ስታክ ማርሻልን፣ ጄሲ ክሊን ደግሞ የራሱን የሮላንድን ጃዝ ኮረስ ይመስላል። ድንቅ አምፖች ናቸው። ሲሠሩ ግን ማንም የአንቺሆዬን ቅኝት አስቦ አልነበረም። ስለዚህ ማሽኑን የምፈትነው በራሱ ዝግጁ ድምፆች ሳይሆን በቅኝቶቻችን ነው።

ከዶ ብንነሳ አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ድምፆቹ በግማሽ ቶን ብቻ ተለያይተው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ጄሲ ክሊን ላይ አድርጌ፣ ጌይኑን፣ ማለትም የማሻከሪያውን መጠን፣ ዝቅ አድርጌ፣ ሪቨርቡን ዘግቼ ተጫወትኩት። ዶ ተመትቶ ሬ ፍላት ሲከተል ጣት ከክር የሚነሳባት ቅጽበት ሳትቀር ትሰማለች። ከዚያ ዲሌዩን ከፈትኩ። የፊተኛው ዶ ተመልሶ ሲመጣ ሬ ፍላት ገና እየጮኸ ነው፤ ሁለቱ ተደራርበው ድምፁ መንቀጥቀጥ ይይዛል። የቅኝቱ ሕይወት ያለው በዚያች ጠባብ ርቀት ላይ ነበርና ዜማው ደፈረሰ። ያንኑ ዲሌይ ሳልነካ ሜጀር ትዝታ ስጫወት ግን አማረበት። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ውስጥ ግማሽ ቶን የለም፤ የሚደራረቡት ድምፆች አይጋጩም። ሜጀር ባቲና አምባሰል ግማሽ ቶን ስላላቸው ወደ አንቺሆዬ ያደላሉ፤ ዲሌዩ በጣም አጭር ካልሆነ አይችሉትም። የማሽኑን መመሪያ ሙሉውን ባነበው ይህን አላገኘውም ነበር።

ከተማሪዎቼ አንዱ፣ አሥረኛ ክፍል ያለ የሽናሻ ልጅ፣ ማዞሪያውን አር-ፋየር የሚባለው ሻካራ የአምፕ ዓይነት ላይ አድርጎ ጌይኑን እስከ ጥግ ወሰደውና «ጋሼ፣ ጊታር የሚመስለው ይሄ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያ ድምፅ ልብ ያሞቃል። ያው ልጅ በመስከረም የጋሪ ዎሮ በዓል የሚዜመውን በጊታር ማውጣት ይፈልጋል። በል አውጣው አልኩት። አውራጁ የሚለውን በአንድ ክር ሲጫወት ጥሩ ሄደ። የተቀባዮቹን መልስ ሁለት ሁለት ክር እየመታ ሲጨምርበት ግን የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋ። ጌይን ሲበዛ ማሽኑ ሁለት ድምፅ ተቀብሎ ሁለት ብቻ አይመልስም፤ የድምራቸውንና የልዩነታቸውን ድምፅ ጭምር ይፈጥራል፤ ያ የሚጨምረው ነገር ከቅኝቱ ውጭ ነው። ልጁ ራሱ ጌይኑን ወደ ኋላ መለሰው።

ሻካራ ድምፅ ለእኛ ባዕድ ነው ብዬ ግን አላስተምርም። በገናን የሰማ ሰው እንዲህ አይልም። በበገና ድልድይና በክሩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምትባለው፣ ክሩ በተመታ ቁጥር ትነካውና ያንን የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ ታመጣለች። ከአምፕ በፊት የነበረ፣ ሰው አስቦ ያስገባው ሻካራነት ነው። የበገና ደርዳሪ ግን ክሮቹን አንድ በአንድ፣ በእርጋታ ነው የሚመታቸው። ድምፆቹ ጊዜ አላቸው፤ አይረጋገጡም። ጌይን መጠቀም ለሚወድ ተማሪ የምሰጠው ትምህርት ከዚያ የተወሰደ ነው፦ አንድ ክር፣ ወፍራሞቹ ላይ፣ ዝግ ብሎ። በዚያ መንገድ ማርሻሉም ያምራል።

በድንጋይ በሚሠራ መሣሪያ መለማመድን እንደ ችግረኛ ሥራ የሚያይ ተማሪ ሲገጥመኝ የኃይሉ መርጊያን ነገር እነግረዋለሁ። ዋሊያስ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ እዚያው ቀረ፤ ኋላም ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ። በባትሪ የምትሠራ ኪቦርድ በመኪናው ሻንጣ ውስጥ እየያዘ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያወጣው የአኮርዲዮንና የሲንተሳይዘር ሥራ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ጠራው፤ ሄዶም ተጫወተ። እጁ ዝግጁ ነበር። መተከል ሰላም አጥቶ ሠርግና ድግስ በቀረባቸው ዓመታት እኔም በር ዘግቼ እለማመድ ነበር፤ ያኔ ይህን የመሰለ ማሽን አልነበረኝም፤ ባዶውን ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ያለ አምፕ፣ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ አስጠግቼ ነው። ልጆቼ ዛሬ ድምፃቸውን በደንብ እየሰሙ ማደጋቸው ደስ ይለኛል።

በዝቅተኛ ድምፅ የተስተካከለ ቶን ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ባሱንና ቀጭኑን ያሳንሰዋል። ማታ ቤት ውስጥ ባሱን ከፍ አድርጎ ቶን ያበጀ ተማሪ ያንኑ ይዞ መድረክ ላይ ቢወጣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ዘፋኙንም ይውጠዋል። ስለዚህ የቤትና የመድረክ ቶን ለየብቻ ይበጃል። ሪቨርብም እንደዚሁ ነው፤ የሚያሳምረው የድምፁን ጅራት ስለሚያረዝም ነው፤ ጣቱ ክሩን በጊዜው አፍኖ ያቆመና ያላቆመ ልጅ በሪቨርብ ውስጥ አይለይም። በትምህርት ሰዓት ሪቨርቡ ዝግ ነው።

ከማሽኑ ጋር ያለው ቱነር ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው። ክራር ይዞ የሚመጣ ልጅ ሲኖር ግን ቱነሩን እንተወዋለን። ክራሩ የሚቃኘው በሚዘፍነው ሰው ድምፅ ልክ ነው፤ ላን 440 ሄርዝ ላይ የሚፈልግ ማሽን ያንን አያውቅም። ጊታሩ ወደ ክራሩ ይሄዳል፤ አምፑ የሚመጣለትን ይቀበላል።

በአካባቢው ያሉ ሙያተኞች ይህን ልግዛ ወይስ ሌላ እያሉ ይጠይቁኛል። ያማሃ ቲኤችአር10ም ስምንት ድንጋይ ይበላል እንጂ ያለ መብራት ይሠራል፤ ቻርጅ የሚደረጉም አሉ። ገበያ የሚወጣ ሰው የራሱን ጊታር ይዞ ይሂድ። አምፑን ከሶኬት ያስነቅለው፣ በባትሪ ያስበራው፣ ድምፁን ቤቱ በሚጫወትበት ልክ ዝቅ ያድርገው፣ ኢፌክቱን በሙሉ ይዝጋና የአንቺሆዬን የመጀመሪያ ሁለት ድምፆች አከታትሎ ይምታ። ተለይተው ካልተሰሙት ሌላ ይይ።