ከከዚራ ወደ ሙሻ ደሴት፤ የባሕር ጠለቃ ጉዞና የድሬዳዋ ነጋዴ

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የሚውለው የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ሲቃረብ የከዚራ ሆቴሎች በእንግዳ እንደሚጨናነቁ፥ በዓሉም ካለፈ በኋላ እንግዳው ሁሉ ወደ መጣበት እንደሚመለስ ለአንባቢዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ እንግዳ ድሬዳዋ ድረስ ከደረሰ በኋላ በእርሱና በባሕር መካከል የቀረው መንገድ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን የሚነግረው ሰው አያገኝም። ነገሩን የበለጠ የሚያስቆጨው ደግሞ፥ የቁልቢ ወቅትና በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የባሕር እንስሳት የሚጎበኙበት ዋናው ወቅት አንድ መሆኑ ነው።

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባሉት ወራት ዌል ሻርክ የተባለው ፍጥረት በአርታ ጠረፍ አጠገብ ይሰበሰባል። ከዓሣ ወገን በትልቅነቱ የሚስተካከለው የለም፤ አድጎ ሲጨርስ ከአሥራ ሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል። በጅቡቲ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ያልጐለመሱ ተባዕት ናቸው። ስሙ ሻርክ ቢሆንም ሰው አይበላም፤ አፉን ከፍቶ ውኃውን እያጣራ ጥቃቅን ነፍሳትን ይመገባል። እርሱን ለማየት ጠልቆ መውረድም አያስፈልግም፤ መዋኘት የሚችል ሰው መነጽርና የአየር መሳቢያ ቱቦ ይዞ በውኃው ገጽ ላይ ሊመለከተው ይችላል።

ጠልቆ መውረድ ለሚሻው ደግሞ ሙሻና መስካሊ የተባሉት ትንንሽ ደሴቶች ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይደረስባቸዋል። ደሴቶቹ ዝቅ ያሉ፥ በኮራል ድንጋይ የተገነቡና በማንግሮቭ ዛፍ የተከበቡ፥ ጸጥታቸውም የሚያስገርም ነው። ስለ ሙሻ ለነጋዴ ጆሮ የሚጥም ታሪክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዞች ደሴቲቱን ከታጁራ ሱልጣን የገዟት በአሥር ጆንያ ሩዝ ነበር። በኋላም በ1888 ከፈረንሳይ ጋራ በተደረገው ስምምነት ለቀቋት።

የድሬዳዋ ንግድና የባሕር ጠለቃ እንግዳዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ አገራችን የመጣው ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬ መጀመሪያ በቡናና በቆዳ ንግድ ሠርቶ፥ ቀጥሎም በቀይ ባሕር የሉል ንግድ የገባ ሰው ነው፤ በድሬዳዋም የዱቄት ወፍጮ አቋቁሞ ነበር። በዚያ ዘመን ሉል ለቃሚው የሚጠልቀው በአንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር። የታመቀ አየር በጀርባ ተሸክሞ መጥለቅ የተስፋፋው ኩስቶና ጋኛን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን እ.ኤ.አ. በ1943 መሣሪያውን ከሠሩ በኋላ ነው። ሉል ይለቀምባቸው የነበሩት የዳህላክ ደሴቶች ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የኤርትራ ስለሆኑ፥ ለእኛ የቀረበው የኮራል ባሕር የጅቡቲው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ይህም ጉዞ አዘጋጆች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ የጤና ነገር ነው። ጠላቂው በየአሥር ሜትሩ ሲወርድ የአንድ ከባቢ አየር ግፊት ይጨመርበታል፤ በዚህም ምክንያት ናይትሮጅን የተባለው አየር በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሲወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባው በኩል ይወጣለታል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ግን፥ ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፥ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፥ ሽባም ያደርጋል፥ ሊገድልም ይችላል። አውሮፓዊው ጠላቂ የሚጠነቀቀው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ነው። የእኛ አገር ሰው ግን በባቡርም ሆነ በመኪና ቢመለስ ዳገት መውጣቱ አይቀርም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል፥ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ለአውሮፕላን ተሳፋሪ የተሰጠው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ነው፤ ሙሉ ቀን ቢያርፍ ይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት በኋላ ወደ ድሬዳዋ የሚመለስ የጉዞ መርሐ ግብር፥ ዋጋው ምንም ቢረክስ፥ መሸጥ የለበትም። የመጨረሻው ቀን በጅቡቲ ከተማ መዋል አለበት፤ ይህም ለነጋዴው ኪሳራ አይደለም፤ ወደብ ላይ ያለ ዕቃውን አይቶ፥ ትራንዚተሩን አነጋግሮ ይመለሳል።

የዋጋው ነገር ቀላል አይደለም። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋራ በቋሚ ምጣኔ የተሳሰረ ስለሆነ፥ ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ የጀልባውም የሆቴሉም ክፍያ ለእኛ ከብዷል። ጉዞው ለብዙው ሰው አይሆንም ብንል ከእውነት አንርቅም። ሆኖም ከውጭ አገር መጥተው ሐረርን፥ ቁልቢንና ድሬዳዋን የሚጎበኙ ኢትዮጵያውያን ገንዘባቸው ዶላር ነው፤ ገበያው የእነርሱ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ የባቡር መስመር አገልግሎት ይሰጣል፤ ጣቢያው ግን እንደ ቀድሞው በከዚራ መካከል ሳይሆን ከከተማው ውጭ ስለሆነ የመኪና ማመላለሻ መታሰብ አለበት።

ከጅቡቲ ጀልበኞች ጋራ የሚዋዋል ድርጅት ሁለት ነገር በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ ቢጠይቅ ይበጀዋል። አንደኛው፥ ለጠላቂው የሚሰጠው አስተማሪ የታወቀ የብቃት ወረቀት ያለው እንዲሆን ነው። ሁለተኛው፥ ጀልባው ወደ ዌል ሻርኩ ሲቀርብ ሞተሩን እንዲያጠፋ ነው፤ በታጁራ ከተመዘገቡት እንስሳት ብዙዎቹ የጀልባ ጠባሳ ተገኝቶባቸዋል። ወቅቱ በኅዳር ስለሚሞቅ ውሉ ከመስቀል በፊት ቢያልቅ መልካም ነው።