ኮሎኔል ሂዩ ቡስቴድ፤ በቡሬ ግንባር የተሰለፉት ስፖርተኛ መኮንን

ከቡሬ ተነሥቶ በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ደምበጫ በሚያልፈው ጎዳና የሚኖር ሰው፥ በ1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖችን ለመውጋት በዚያ የዘመተውን የጌዴዎን ጦርና የእንግሊዛዊ አዛዡን የዊንጌትን ስም ሳይሰማ አይቀርም፤ በዊንጌት ሥር ሆነው የሱዳንን የድንበር ሻለቃ ጦር የመሩት የኮሎኔል ሂዩ ቡስቴድ ስም ግን፥ ውጊያውን ከፊት ሆነው የተጋፈጡ ሲሆኑ፥ በእኛ ዘንድ እምብዛም አይነሣም።

ቡስቴድ በ1887 ዓ.ም. በሴሎን ደሴት ተወልደው ገና በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ ባሕር ኃይል ገቡ። አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ መርከባቸው ከዋናው የጦር ሜዳ ርቃ በአፍሪቃ ጠረፍ መመላለሷን መታገሥ ቢሳናቸው፥ በ1907 ዓ.ም. ከድተው፥ ስማቸውን ለውጠው፥ በደቡብ አፍሪቃ እግረኛ ጦር ተራ ወታደር ሆነው ወደ ፈረንሳይ ዘመቱ። መርከብን ጥሎ መኮብለል ሕግ በጽኑ የሚቀጣው በደል ነው፤ እርሳቸው ግን በምሽግ ውስጥ በፈጸሙት ጀብዱ የመኮንንነት ማዕረግና ኒሻን ተሸልመው፥ ከንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ምሕረትን አገኙ።

በ1912 ዓ.ም. በአንትወርፕ ኦሎምፒክ የብሪታንያ የፔንታትሎን ቡድን አለቃ ሆኑ። ይህ ውድድር በዚያን ጊዜ አንዱን ሰው በተኩስ፥ በዋና፥ በሰይፍ ግጥሚያ፥ በፈረስ ግልቢያና በሩጫ ይፈትን ስለ ነበር፥ ከስፖርት ሁሉ ለወታደር ሙያ የቀረበ ነበር ብል አላጋነንሁም። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ኤቨረስትን ለመውጣት ከዘመቱት አንዱ ነበሩ፤ በሱዳንም የግመል ጦር አዛዥ ሆነው አገልግለዋል።

ይህ ሁሉ ልምምድ ፍሬ ያፈራው በጎጃም ነው። ዊንጌት ለጦሩ ስም የመረጠው ከመጽሐፈ መሳፍንት፥ በሦስት መቶ ሰው፥ በመለከትና በችቦ የምድያምን ሠራዊት በሌሊት ካሸበረው ከጌዴዎን ታሪክ ሲሆን፥ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ሠራዊቱ ሁለት ሺህ የማይሞላ፥ ስንቅ የጫኑለት ግመሎችም የጎጃምን ዳገትና ብርድ ባለመቻል በመንገድ ያለቁበት ነበርና። ሐዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው ስሟን ያገነኗት ማንኩሳም በዚያ ዘመቻ የጦር ሜዳ ሆና ነበር። በቡሬ የነበረው ኢጣሊያዊ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ፥ ከከበቡት እጅግ የሚበዛ ሠራዊት ይዞ ሳለ፥ የጠላቱ ቁጥር ብዙ መስሎት፥ የካቲት 25 ቀን ከተማውን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ከዚያም በኋላ የቡስቴድ ሰዎች ከደብረ ማርቆስ ፊት ለፊት በጉሊት ሸንተረር ላይ፥ በጥቂት በጥቂቱ እየተከፈሉ፥ ሌሊት ለሌሊት በእጅ ቦምብና በሳንጃ ምሽጉን እያጠቁ ጠላትን እንቅልፍ ነሡት፤ መጋቢት ሲያልቅም ከተማይቱ ተያዘች።

ይሁን እንጂ የጎጃም አርበኞች፥ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ አገሩን ለጠላት የማይመች አድርገው ባይቆዩ፥ ይህ ትንሽ ጦር ያን መንገድ ባልጨረሰውም ነበር። ይህን ሳይጠቅሱ የቡስቴድን ሙያ ብቻ ማንሣት ግፍ ነው።

ቡስቴድ ከዘመቻው በኋላ ረጅም ዘመን በደቡብ ዓረቢያና በአቡዳቢ በፖለቲካ ሹመት ሠርተው፥ ግለ ታሪካቸውን ጽፈው፥ በ1972 ዓ.ም. ዐረፉ።