ፑር ኦቨር

ፑር ኦቨር በማጣሪያ ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ በተቀመጠ የተፈጨ ቡና ላይ ሙቅ ውኃ በእጅ እያንቆረቆሩ ቡና የሚዘጋጅበት ዘዴ ነው። ውኃው በራሱ ክብደት በዱቄቱ መካከል ያልፍና ተጣርቶ ከሥር ባለው ዕቃ ውስጥ ይንጠባጠባል። ወረቀቱን የሚይዘው፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ድሪፐር ወይም ማንጠባጠቢያ ይባላል።

በዚህ ዘዴ ውኃውን የሚያፈሰው ማሽን ሳይሆን የሰው እጅ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ቡና፣ በአንድ ዓይነት አፈጫጭና በእኩል ውኃ የተዘጋጁ ሁለት ስኒዎች የተለያየ ጣዕም ሊኖራቸው ይችላል። ለዚህ ልዩነት ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ውኃው ዱቄቱን የሚያናውጥበት መጠን ነው። ይህ ካልታወቀ ስህተቱ የአፈሳስ ሆኖ ሳለ ቡናው ወይም ቆይው ይወቀሳል።

ታሪክ

በወረቀት ማጣሪያ ፈጣሪነቷ የምትታወቀው በጀርመን አገር የድሬስደን ከተማ ነዋሪ የነበረችው ሜሊታ ቤንትዝ ናት። ቤንትዝ በቡናዋ ውስጥ የሚቀረው አተላና ምሬት ስላላስደሰታት የናስ ዕቃ ሥሩን በሚስማር በሳስታ፣ ከልጇ ደብተር የወሰደችውን ቀለም መምጠጫ ወረቀት አነጠፈችበት። ይህን ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1908 በበርሊን የፓተንት ቢሮ አስመዘገበች፤ በዚያው ዓመትም በስሟ የሚጠራው ኩባንያ ተቋቋመ።

እ.ኤ.አ. በ1941 ትውልደ ጀርመናዊው ኬሚስት ፒተር ሽሉምቦም በአሜሪካ ኬሜክስ የተባለውን ዕቃ ሠራ። ኬሜክስ ማንጠባጠቢያውና መቅጃው አንድ ወጥ መስታወት ሲሆን የሚጠቀምበት ወረቀት ከሌሎቹ ይወፍራል። በጃፓን ደግሞ ካሊታና ሃሪዮ የተባሉት ኩባንያዎች ዘዴውን አስፋፉት። ሃሪዮ እ.ኤ.አ. በ1921 በቶክዮ የተመሠረተ የመስታወት ዕቃ አምራች ነው። ዛሬ በብዙ የቡና ቤቶች የሚታየው ቪ60 የዚህ ኩባንያ ምርት ሲሆን ስሙን ያገኘው ከቅርጹና ከ60 ዲግሪ ማዕዘኑ ነው።

የማንጠባጠቢያ ዓይነቶች

ማንጠባጠቢያዎች በቅርጻቸውና በቀዳዳቸው ይለያያሉ። ልዩነቱ ቡናው የጠማቂውን እጅ ምን ያህል እንደሚከተል ይወስናል።

• ሾጣጣ፦ ቪ60 አንድ ትልቅ ቀዳዳና በውስጡ የሚጠመዘዙ ሸንተረሮች አሉት። ቀዳዳው ውኃውን ስለማያግደው ፍጥነቱን የሚወስኑት አፈጫጩ፣ ወረቀቱና አፈሳሱ ናቸው። ለመናወጥ በጣም ስሱ የሆነው ይህ ዓይነት ነው።

• ጠፍጣፋ፦ ካሊታ ዌቭ ሥሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ዱቄቱ በሁሉም ቦታ ተቀራራቢ ውፍረት ይኖረዋል፤ ጠባቦቹ ቀዳዳዎችም ውኃውን በመጠኑ ይይዙታል። በዚህ ምክንያት ትናንሽ የአፈሳስ ስህተቶችን ይችላል።

• መዝጊያ ያለው፦ በዚህ ዓይነት ዕቃ ውኃው ከዱቄቱ ጋር ለተወሰነ ጊዜ ከቆየ በኋላ መዝጊያው ተከፍቶ ይወርዳል። ጊዜውን የሚወስነው መዝጊያው ስለሆነ የእጅ ልዩነት ከሌሎቹ ያነሰ ውጤት አለው።

መናወጥ ጣዕምን የሚለውጥበት ምክንያት

ከተቆላ ቡና ክብደት 30 በመቶ ገደማ የሚሆነው በውኃ ሊሟሟ ይችላል። ሁሉም እንዲወጣ ግን አይፈለግም፤ በሙያው የተለመደው ግብ ከ18 እስከ 22 በመቶ ነው። ከዚያ ሲያንስ ቡናው ብዙውን ጊዜ ጎምዛዛና ቀጭን፣ ሲበልጥ ደግሞ መራራና አፍ የሚያደርቅ ይሆናል። በጀበና ቡና በአቦል፣ በቶናና በበረካ መካከል የሚታየው ልዩነትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከዱቄቱ የሚወጣው ነገር በየዙሩ እየቀነሰ ይሄዳል።

ዱቄቱ በረጋ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ እያንዳንዱን ቅንጣት የከበበው ውኃ በሟሟው ነገር እየበለጸገ ይሄዳል፤ ማሟሟቱም ይዘገያል። ውኃው ሲናወጥ ግን ያ ውኃ ከቅንጣቱ ይርቅና አዲስ ውኃ ይተካዋል። ሻይ ውስጥ የገባ ስኳር በማንኪያ ሲማሰል ቶሎ የሚሟሟው በዚሁ ምክንያት ነው። መናወጥ በተጨማሪ ደርቀው የቀሩ እብጠቶችን ይበትናል፤ ውኃው በአንድ በኩል ቦይ ቀዶ ሌላውን ዱቄት ሳይነካ እንዳይወርድም ይረዳል።

መናወጥ ሲበዛ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ማንኛውም ወፍጮ ቡናን ሲፈጭ ከሚፈለገው ቅንጣት ጋር ደቃቅ ብናኝ ያወጣል። ውኃው ዱቄቱን አብዝቶ ሲያናውጥ ይህ ብናኝ ከትልልቆቹ ቅንጣቶች ተለይቶ ወደ ወረቀቱ ይሄድና ይደፍነዋል። ውኃው መውረድ ስለሚያቅተው ከዱቄቱ ጋር ከታሰበው በላይ ይቆያል። ስለዚህ መናወጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ማሟሟቱን ያፋጥናል፣ የውኃውን አወራረድ ደግሞ ሊያዘገይ ይችላል።

በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ፊዚክስ ኦፍ ፍሉይድስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ይህን ሂደት በዓይን ለማየት ሞክረዋል። በቡና ፋንታ ብርሃን የሚያሳልፉ የሲሊካ ጄል ቅንጣቶችን በመስታወት ሾጣጣ ውስጥ አድርገው በሌዘርና በካሜራ ተከታተሉ። የሚወርደው ውኃ ቅንጣቶቹን ቆፍሮ ወደ ጎን ሲያነሣቸው፣ እነርሱም እንደ ናዳ ተመልሰው ወደ ጉድጓዱ ሲንሸራተቱ ታይቷል። ውኃው ሳይቆራረጥ ከከፍታ ሲወርድ ድብልቁ ይበረታል፤ በዚህም እስከ 10 በመቶ ያነሰ ቡና ተጠቅሞ ተመሳሳይ ጥንካሬ ያለው ቡና ማግኘት እንደሚቻል ተመራማሪዎቹ ገልጸዋል።

መናወጥን የሚወስኑ ነገሮች

• ከፍታ፦ ማንቆርቆሪያው ከፍ ሲል ውኃው በበለጠ ኃይል ያርፋል። ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ግን ወደ ጠብታ ይቆራረጥና ወደ ውስጥ የመቆፈር ኃይሉን ያጣል።

• የአፈሳስ ፍጥነት፦ ወፈር ብሎ የሚወርድ ውኃ ከቀጭኑ የበለጠ ያናውጣል። አንገተ ቀጭን ማንቆርቆሪያ የሚመረጠው ይህን ለመቆጣጠር ስለሚያመች ነው።

• ቦታ፦ መሀል ላይ ብቻ ማፍሰስ መሀሉን ይቆፍራል፣ ዳሩን ይተወዋል። በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ውኃው ዱቄቱን ሳይነካ በሸንተረሮቹ በኩል እንዲያመልጥ ያደርጋል።

• የዙር ብዛት፦ ውኃውን ከፋፍሎ በብዙ ዙር መጨመር ዱቄቱን ደጋግሞ ያነሣዋል።

• ማማሰልና ማዞር፦ በማንኪያ ማማሰል ጠንካራው መናወጥ ነው። ማንጠባጠቢያውን ይዞ በእርጋታ ማዞር ቀለል ያለ ሲሆን ዱቄቱንም ያደላድላል።

• በላይ ያለው የውኃ ጥልቀት፦ ከዱቄቱ በላይ የቆመ ውኃ የሚወርደውን ውኃ ኃይል ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. የ2016 የዓለም ብሩወርስ ካፕ አሸናፊ ጃፓናዊው ቴትሱ ካሱያ የሚታወቅበት «4፡6» የተሰኘ ዘዴ የዙር ብዛትን እንደ መቆጣጠሪያ ይጠቀማል። ሸካራ ሆኖ በተፈጨ 20 ግራም ቡና ላይ 300 ግራም ውኃ ይፈስሳል። የመጀመሪያው 40 በመቶ በሁለት ዙር ተከፍሎ የጉምዛዜውንና የጣፋጭነቱን ሚዛን ይወስናል፤ ቀሪው 60 በመቶ ብዙ ዙር በተከፈለ ቁጥር ቡናው ይጠነክራል።

አዘገጃጀት

ለአንድ ሰው የተለመደው መጠን 15 ግራም ቡና ለ250 ግራም ውኃ ነው። ወረቀቱ አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ ይህ የወረቀት ጣዕሙን ያስወግዳል፣ ዕቃውንም ያሞቃል። ዱቄቱ ተጨምሮ ከተደላደለ በኋላ ከ30 እስከ 45 ግራም ውኃ ይፈስስበትና ለ30 ወይም 45 ሴኮንድ ይራሳል። ቡናው ሲቆላ በውስጡ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ ጊዜ እየተንፎለፎለ ይወጣል። ጋዙ ውኃው ወደ ቅንጣቶቹ እንዳይገባ ስለሚገፋ፣ ሁሉም ዱቄት እንዲርስ በዚህ ደረጃ ላይ ማዞር ወይም በትንሹ ማማሰል ይጠቅማል።

ቀሪው ውኃ ከመሀል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሀል በክብ እየዞረ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጨመራል። መጨረሻ ላይ ማንጠባጠቢያው አንድ ጊዜ በእርጋታ ይዞራል። ውኃው ወርዶ የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ከ2 ደቂቃ ተኩል እስከ 3 ደቂቃ ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ጠንከር ያለው መናወጥ መጀመሪያ ላይ፣ እርጋታው መጨረሻ ላይ ቢሆን ወረቀቱ የመደፈን ዕድሉ ይቀንሳል።

ስህተትን መለየት

ሰዓቱ፣ የቀረው ዱቄትና ጣዕሙ አንድ ላይ ሲታዩ ችግሩን ያመለክታሉ። ውኃው ቶሎ ወርዶ ቡናው ጎምዛዛና ቀጭን ከሆነ ቡናውን ማላም ወይም መናወጡን መጨመር ያስፈልጋል። ውኃው ከ4 ደቂቃ በላይ ቆይቶ በዱቄቱ ላይ ጭቃ የሚመስል ነገር ከቀረና ቡናው ከመረረ ብናኙ ወረቀቱን ደፍኖታል ማለት ነው፤ ማንቆርቆሪያውን ዝቅ ማድረግ፣ ዙሩን መቀነስ ወይም ቡናውን ማሻከር ይረዳል። መሀሉ ተቦርቡሮ ዳሩ ከፍ ካለ አፈሳሱ መሀል ላይ በዝቷል።

ቡናው በአንድ ጊዜ ጎምዛዛም መራራም ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው የዱቄቱ አንዱ ክፍል ከልክ በላይ፣ ሌላው ከልክ በታች ሲሟሟ ነው፤ በዚህ ጊዜ መጠኑን ከመለወጥ በፊት አፈሳሱን ማስተካከል ይገባል። አፈጫጩና መናወጡ ሁለቱም ሰዓቱንና ጣዕሙን ስለሚለውጡ አብረው ከተቀየሩ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ መለወጥ ይመረጣል።

በኢትዮጵያ

ለጀበና የሚዘጋጀው ዱቄት ለፑር ኦቨር አይስማማም። በጀበና ዱቄቱ ከውኃው ጋር ይፈላና ቡናው ሲሰክን ከሥር ይዘቅጣል፤ ስለዚህ የላመ ቢሆንም ችግር የለውም። በወረቀት ላይ ግን ይኸው ዱቄት ውኃውን ይዘጋዋል።

ሌላው ጉዳይ ከፍታ ነው። በብዙ የአዘገጃጀት መመሪያዎች የሚሰጠው የውኃ ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ውኃው እንደፈላ ሳይቀዘቅዝ መጠቀም ይመከራል፤ የጎደለውንም ሙቀት ቡናውን ትንሽ በማላም ወይም መናወጡን በመጨመር ማካካስ ይቻላል።

እንደ ይርጋጨፌ ያሉ የታጠቡ የኢትዮጵያ ቡናዎች በውጭ አገር የቡና ቤቶች ለፑር ኦቨር በብዛት ይመረጣሉ። ይሁን እንጂ ብዙ ጠማቂዎች የኢትዮጵያ ቡና ሲፈጭ ደቃቅ ብናኝ እንደሚያበዛና ከሌሎች አገሮች ቡና ይልቅ ውኃው ቀስ ብሎ እንደሚወርድበት ይናገራሉ። ለሌላ ቡና የሠራው አፈሳስ እንዳለ ሲወሰድ ስኒው ሊመር ይችላል። ሻከር አድርጎ መፍጨትና ከዝቅታ በጥቂት ዙር ማፍሰስ ግን የቡናውን የአበባና የፍራፍሬ ጠረን ይጠብቃል።