ከእሳቱ በፊት የከሰረ ኮሌጅ

የአሜሪካ ሜቶዲስቶች በ1784 የገና ሰሞን ባልቲሞር ተሰብስበው ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሲያቋቁሙ፣ ኮሌጅ ለመክፈትም ወሰኑ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ አባላቱ 15 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በ1790 ከ57 ሺህ አለፉ። በስድስት ዓመት ወደ አራት እጥፍ ያደገ ማኅበር አንድ ኮሌጅ ማስተዳደር ያቅተዋል ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም። ነገር ግን የበዛው ሰው እንጂ ገንዘብ አልነበረም፤ ለተዘዋዋሪው ሰባኪ እንኳ የተቆረጠለት በዓመት 64 ዶላር ብቻ ነበር።

ሕንፃው ይህን አቅም የመዘነ አይመስልም። የመሠረት ድንጋዩ በ1785 በሜሪላንድ፣ አቢንግደን ላይ ተጣለ፤ 108 ጫማ በ40 ጫማ የሆነ ባለ ሦስት ደርብ የጡብ ቤት ቆመ፤ በ1787 መጨረሻ ማስተማር ጀመረ። ስሙም ከሁለቱ መሪዎች፣ ከቶማስ ኮክና ከፍራንሲስ አስበሪ ተገጣጥሞ ኮክስበሪ ተባለ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራቹ ጆን ዌስሊ ከእንግሊዝ ይህን ሲሰማ፣ እሱ በትምህርት ቤት ሲወሰን እነሱ ኮሌጅ፣ ያውም በገዛ ስማቸው መክፈታቸውን በደብዳቤ ነቀፈ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፦ ተማሪው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል፣ ማታ 3 ሰዓት ይተኛል፣ ጨዋታ ክልክል ነው፤ በጨዋታ ፈንታ ጓሮ ይኮተኩታል፣ እንጨት ይጠርባል።

ቀዳዳው ግን በሂሳቡ በኩል ነበር። የሰባኪ ልጆችና ወላጅ አልባዎች በነፃ ይማሩ ነበር፤ ከከፋዮቹ የሚገኘው ወጪውን አይሸፍንም፤ ዘላቂ ገቢ የሚያስገኝ የተቀመጠ ሀብትም የለም። ጉድለቱን ለመሙላት አስበሪ በፈረስ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ይለምን ነበር። ሰው አንዴ ለግንባታ ይሰጣል፤ በየዓመቱ ለመምህር ደመወዝ መስጠት ግን ይሰለቻል። በ1794 ኮሌጁ ከሜሪላንድ መንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ ሲያገኝ፣ ማዕረጉ ከፍ አለ እንጂ ዕዳው አልቀለለም።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1795 ሕንፃው ተቃጠለ። አስበሪ ኪሳራውን በአሥር ዓመት 10 ሺህ ፓውንድ አድርጎ ገመተው፤ በየዓመቱ ያንኑ ያህል ቢከፈለውም ለዚያ ቤት የደከመውን እንደማይደግመው ጻፈ። ደጋፊዎቹ ግን ባልቲሞር ውስጥ ሌላ ቤት አዘጋጁ፤ እሱም ልክ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1796፣ አጠገቡ ካለው ቤተ ክርስቲያን ጋር ነደደ። ብዙዎች ኮክስበሪን እሳት አጠፋው ይላሉ፤ እኔ ግን እሳቱ የጨረሰው አስቀድሞ የከሰረ ቤት ነው ባይ ነኝ። ሀብት የተቀመጠለት ኮሌጅ ቢሆን ኖሮ ከአመዱ ይነሳ ነበር።

አስበሪ ሜቶዲስቶች ኮሌጅ እንዲሠሩ እንዳልተጠሩ ደመደመ፤ በ1816 እስኪሞትም ሁለተኛ ኮሌጅ አልተከፈተም። ቤተ ክርስቲያኗ በየክፍለ አገሩ ትምህርት ቤት እንዲከፈት የመከረችው በ1820 ነው፤ በ1831 ኮነቲከት ውስጥ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ኮክስበሪ የሚለው ስም ዛሬ የሚታወቀው በሜቶዲስቶች መጻሕፍት መሸጫ ነው።