የወንዛችን ሸርጣን ስሙ ማን ነው?

በሸዋ ደጋ ወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ሸርጣንን ያውቃል። ድንጋዩ ሲነሣበት በጎኑ እየሮጠ ሌላ ድንጋይ ሥር ይገባል፤ ጣት ካገኘም ይቆነጥጣል። «የትኛው ሸርጣን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ግን በአምቦም ሆነ በግንጪ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ ማግኘት ይቸግራል። መልሱ፣ ወይም የመልሱ መጀመሪያ፣ ዛሬ የሚገኘው በኢንተርኔት የመረጃ ቋቶች ውስጥ ነው። ደግነቱ አብዛኞቹ ለማንም ክፍት ናቸው፤ ክፍያ አይጠይቁም።

ጥያቄው በምዕራብ ሸዋ የተለየ ክብደት አለው። አዋሽ የሚነሣው ከግንጪ አቅራቢያ፣ ከደንዲ ወረዳ ከፍታ ነው። ወደ ምሥራቅ ወርዶ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፤ ባሕር አይደርስም። አምቦን፣ የቀድሞዋን ሀገረ ሕይወት፣ አቋርጦ የሚወርደው ሁሉቃ ግን ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል። ሁለቱ ከተሞች ጎረቤት ናቸው፤ ውኃዎቻቸው ግን አይገናኙም። ይህ ለሸርጣን ትልቅ ነገር ነው። የባሕር ሸርጣን እንቁላሉ ሲፈለፈል እጩ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ሩቅ አገር ይደርሳል። የወንዝ ሸርጣን እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ እጭ የለውም። ልጆቹ ከእንቁላል የሚወጡት ትንንሽ ሸርጣን ሆነው ነው፤ እናታቸውም ሆዷ ሥር ይዛ ታቆያቸዋለች። በአንድ ተፋሰስ የተወለደ ዘር ወደ ሌላው በቀላሉ ስለማይሻገር፣ በየወንዙ ተለይቶ ሲኖር ከዘመን ብዛት ራሱን የቻለ ዝርያ ሊሆን ይችላል። በአዋሽ ራስና በጉደር ራስ የሚኖሩት አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ለዚህ ጥያቄ መንደርደሪያው ትክክለኛ ስም ነው።

ስም የሚፈለገው ከስም መዝገብ ነው። ዋናው መዝገብ «ወርምስ» በሚል ምህጻር የሚታወቀው የዓለም የባሕር ዝርያዎች መዝገብ ሲሆን፣ ማዕከሉ ቤልጂየም ውስጥ ኦስተንድ ከተማ ነው። በባሕር ስም ይጠራ እንጂ፣ «ዴካኔት» በተባለው ክፍሉ አማካይነት ዐሥር እግር ያላቸውን ሁሉ፣ የወንዝ ሸርጣንን ጨምሮ፣ ይዟል። ለምሳሌ በዓባይ ተፋሰስ የታወቀውን «ፖታሞናውቴስ ኒሎቲከስ»ን እንፈልግ። መዝገቡ እንደሚያሳየን ይህን ሸርጣን በ1837 «ቴልፉሳ ኒሎቲካ» ብሎ የሰየመው ፈረንሳዊው ኦንሪ ሚልን ኤድዋርድስ ነው። በኋላ ወገኑ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን፣ ስለተለወጠ የመጀመሪያው ስም ዛሬ አይሠራም። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ በድሮ የጣሊያንና የፈረንሳይ ጽሑፎች ውስጥ ያለው ስም ከዛሬው ጋር የማይገጥምበትን ምክንያት ተማሪው በደቂቃ ያገኘዋል። ጽሑፎቹን ራሳቸውን ማየት ከፈለገ ደግሞ የብዝኃ ሕይወት ቅርስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ድረ ገጽ አሮጌ መጻሕፍትን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ አስቀምጧቸዋል። ሸርጣኑ የትና መቼ እንደተገኘ የሚያሳየው ካርታ የሚገኘው በ2001 ከተቋቋመውና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን ከሆነው የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት፣ ከ«ጂቢፍ» ነው።

መዝገብ ግን ስም ይነግራል እንጂ በእጅ የያዙትን እንስሳ አይለይም። ለዚህ መለያ ቁልፍ ያስፈልጋል። ቁልፍ ማለት ተከታታይ ጥያቄ ነው፤ አንዱን መልሰው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ከወንዝ ድንጋይ ሥር ሁለት የሚመሳሰሉ የነፍሳት እጮች አገኙ እንበል። ሜይፍላይ የሚባለው በሆዱ ጎንና ጎን መተንፈሻ ቅጠሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ እግሩ ጫፍ አንድ ጥፍር፣ ከኋላው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጭራ አለው። ስቶንፍላይ ሁለት ጥፍርና ሁለት ጭራ ብቻ ነው ያለው። በቀንድ አውጣም ላይ ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስዎ ያዙት። አፉ ወደ ቀኝ ከሆነ ከብትና በግ የሚያሰቃየውን የጉበት ትል ከሚያስተላልፈው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ወደ ግራ ከሆነ በአዋሽ ቆላ የሽንት ፊኛ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቡሊነስ ሊሆን ይችላል። የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ባዮምፋላሪያ ደግሞ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ የእንዶድን ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል ያስተዋሉት ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ልብ ስላሉ ነው። ዓይን የለመደው ሰው የሚያየው እንዲህ ያለውን ነው።

በስልክ ፎቶ የሚሠራው «አይናቹራሊስት» የብዙዎች መግቢያ በር ሆኗል። በ2008 የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ሲሆን፣ ፎቶ ሲጫንበት ኮምፒዩተሩ ስም ይገምታል፤ ከዚያ ሰዎች ያርሙታል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ኮምፒዩተሩ የተማረው በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ ፎቶዎች ስለሆነ፣ የሸዋን ሸርጣን አይቶ እዚህ አገር የሌለ ዝርያ ሊጠቁም ይችላል። ወገኑ ላይ ማቆም ከተሳሳተ ዝርያ ይሻላል። የአፍሪካ ወንዝ ሸርጣኖች ዝርያ በእርግጥ የሚለየው በቀለማቸው ሳይሆን በወንዱ ሆድ ሥር በታጠፈው የመጀመሪያ ጥንድ የመራቢያ እግር ቅርጽ ነው። ስለዚህ ጀርባውን ብቻ ያነሣ ፎቶ ለባለሙያ ብዙ አይረዳም። ፊቱ፣ ሁለቱ መቆንጠጫዎቹና ሆዱም ይነሡ። ሆዱ ጠባብ ከሆነ ወንድ፣ ሰፊ ከሆነ ሴት ነው።

ለአገራችን ውኃ ከሁሉ በላይ ዋጋ የምሰጠው ግን በኢትዮጵያ ለተሠራው መለኪያ ነው። አስቻለው ላቀውና ኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ በ2015 «ኢትባዮስ» የተባለውን የደጋ ወንዞች ነጥብ አሰጣጥ አሳትመዋል። በወንዙ ውስጥ የተገኙት የጀርባ አጥንት የሌላቸው እንስሳት ቤተሰባቸው ይለያል፤ ብክለትን በመቋቋም አቅማቸው ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ የወንዙ ጤና ይታወቃል። ለተማሪዎች የሚቀለው ደግሞ «ሚኒሳስ» የተባለው የደቡብ አፍሪካ ዘዴ ነው። 13 ምድቦች ብቻ አሉት። ንጹሕ ውኃ የሚሻው ስቶንፍላይ 17 ነጥብ፣ ቆሻሻ የሚችለው ትል 2፣ ሸርጣን 6 ያገኛሉ። የተገኙት ምድቦች ነጥብ ተደምሮ ለቁጥራቸው ይካፈላል። ከነጥቡም በፊት ዓይን ብዙ ይናገራል። ከከተማ በታች ያለው ጭቃ በትንኝ መሰል ዝንቦች ቀይ እጮች ብቻ ከተሞላ ኦክስጅኑ አንሷል ማለት ነው፤ ቅላታቸው ኦክስጅን ከሚይዘው ሄሞግሎቢን የመጣ ነው።

ሐይቆቻችንም አልተረሱም። ከአምቦ በስተ ደቡብ ባለው የወንጪ ሐይቅ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት ፋሲል ደገፉና ሚካኤል ሻገርል አጥንተው በ2015 አሳትመዋል።

እናንተ በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በሆለታ የባዮሎጂ መምህራን የሆናችሁ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ወንዝ ይዛችሁ ውረዱ። ቦት ጫማ ይደረግ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ የተያዘውም እንስሳ ፎቶ ከተነሣ በኋላ ወደ ቦታው ይመለስ። ፎቶውን ከወንዙ ስም፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር አይናቹራሊስት ላይ ጫኑት። ዝርያውን ባታውቁትም «ሸርጣን» ብላችሁ ላኩት፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጠራበትንም ስም ጨምሩበት።