የፀሐይ ነፋስና የምድር ኤሌክትሪክ

ከፀሐይ ዘወትር የሚነሣ፣ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ረቂቃን ቅንጣቶች ነፋስ አለ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምድራችንን ከዚህ ነፋስ የሚጋርዳት የገዛ ራሷ የማግኔት ኃይል ነው።

ሆኖም ነፋሱ የራሱን ማግኔት ይዞ ይመጣል። አቅጣጫው ወደ ሰሜን ሲሆን የምድር በር እንደ ተዘጋ ይቆያል፤ ወደ ደቡብ ሲዞር ግን ከምድር ማግኔት ጋር ይጋጠምና በሩ ይከፈታል። ያን ጊዜ ምድርን በሩቁ የሚዞረው የኤሌክትሪክ ጅረት ይበረታል፤ በመብራት ሽቦዎችም ውስጥ ያልታሰበ ጅረት ይነሣል። በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 13 ቀን 1989 በካናዳ፣ በኬቤክ 6 ሚሊዮን ሕዝብ 9 ሰዓት ያህል በጨለማ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሊቃውንት ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው በቆሙ መሣሪያዎች አቅጣጫውን ይመረምራሉ። ማስጠንቀቂያው አንድ ሰዓት ያህል፣ ነፋሱ ሲፈጥንም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ለተዘጋጀ ባለሙያ ግን ይህም ትልቅ ጊዜ ነው።